መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይገባል? የአንድ የቤት አኳሪየም የቧንቧና የሳምፕ ጉዳይ ጥናት

አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሰባት ወርቃማ ዓሣዎች የሚኖሩበት አኳሪየም አለ። መስታወቱ በውጭ ሲለካ 120 በ50 በ55 ሴ.ሜ፣ ውፍረቱ 10 ሚ.ሜ ነው። ከሥሩ፣ በቱቦላሬ በተበየደው ስታንድ ውስጥ፣ 80 በ40 በ40 ሴ.ሜ የሆነ ሁለተኛ ገንዳ ተቀምጧል። ሳምፕ የሚባለው ይኼ ነው። ከላይኛው ገንዳ የተረፈው ውሃ በቧንቧ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ በማጣሪያ ውስጥ ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፕ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። ወርቃማ ዓሣ ብዙ የሚበላና ብዙ የሚጥል ዓሣ ስለሆነ ሳምፕ ማሰቡ ትክክል ነበር። ስህተቱ የቧንቧው ዕቅድ ላይ ነው።

መብራት እስካለ ድረስ ውሃው በሥርዓት ይዞራል። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሳምፑ ጠርዙን አልፎ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ መጠኑ አንድ መካከለኛ ባልዲ ይሞላል። መብራት ሲመጣ ደግሞ ፓምፑ አየር እየሳበ ይጮኻል፣ ላይኛው ገንዳ በደቃቅ አረፋ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ሌሊት ሌሊት የመውረጃው ጉርጉርታ ከመኝታ ቤት ይሰማል። በመጨረሻ የታችኛዋ ጎረቤት ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ምልክት ወጣ፤ ነገሩ የቤተሰቡ ብቻ መሆኑም ያኔ አበቃ።

ባለቤቱ አስቀድመው መመለሻው ቧንቧ ላይ ውሃ ወደ ኋላ የማያሳልፍ ቼክ ቫልቭ አስገጥመው ነበር። ለተወሰኑ ሳምንታት ሠራ። ቫልቩ ሲፈታ የክዳኗ ጎማ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠጠር ተሰክታ፣ ዙሪያዋን አረንጓዴ አልጌ ለብሳ ተገኘች። ጠጠሯ የከፈተችው ክፍተት ወረቀት የሚያሾልክ ያህል ነው፤ ውሃው ሁሉ እስኪወርድ ለማሳለፍ ግን ያ ይበቃል። ቼክ ቫልቭ እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ ሊገባ ይችላል፤ ወለልን የሚያድን ዋና መከላከያ አድርጎ መቁጠር ግን አደገኛ ነው። ዕቅዱ ያለ ቼክ ቫልቭ መቆም አለበት።

የጠፋው ሂሳብ

ሳምፕ ሲታቀድ መጀመሪያ መሰላት ያለበት ፓምፑ ሲሠራ ያለው ሁኔታ ሳይሆን ፓምፑ ሲቆም ያለው ነው። የሚሰላውም በቀላል ማባዛት ነው።

የላይኛው ገንዳ ውስጡ 118 በ48 ሴ.ሜ ነው። ጥግ ላይ ያለው፣ የተረፈው ውሃ ወደ ሳምፑ ከመውረዱ በፊት የሚገባበት የመውረጃ ሣጥን 20 በ12 ሴ.ሜ ይወስዳል። ያ ሲቀነስ የእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ውሃ መጠን 5.4 ሊትር ይሆናል። ይህችን ቁጥር ይዞ ወደ መመለሻው ቧንቧ አፍ መሄድ ነው። አፉ ከውሃው ወለል በታች 10 ሴ.ሜ ጠልቆ ነበር፤ ዕይታው እንዲያምርና ድምፅ እንዳያሰማ ተብሎ። ፓምፑ ሲቆም ያው ቧንቧ ከበርሜል ነዳጅ እንደሚቀዳበት ጎማ ይሆናል፤ ውሃውን በሲፎን ወደ ሳምፑ ይስባል። የሚያቆመው አፉ አየር ሲያገኝ ብቻ ነው። ስለዚህ 10 ሲባዛ በ5.4፣ 54 ሊትር ይወርዳል። በሣጥኑና በቧንቧዎቹ ውስጥ የነበረው 2 ሊትር ሲጨመርበት 56 ሊትር።

ሳምፑ ይህን መያዝ ይችላል? ሳምፑ በመስታወት ግድግዳዎች የተከፋፈለ ነው። ከመመለሻው ክፍል በፊት ያለው 58 ሴ.ሜ ርዝመት በአንድ ሴንቲ ሜትር 2.25 ሊትር፣ 20 ሴ.ሜ የሚረዝመው የፓምፑ ክፍል ደግሞ 0.78 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ እየሠራ ውሃው በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች 26 ሴ.ሜ፣ በፓምፑ ክፍል 20 ሴ.ሜ ላይ ይቆማል። ውስጣዊ ከፍታው 39.4 ስለሆነ የቀረው ባዶ ቦታ 30 ሲደመር 15፣ በአጠቃላይ 45 ሊትር ነው። 56 ሊትር ወደ 45 ሊትር ቦታ ሲመጣ 11 ሊትሩ ወለል ላይ ይቀራል። ባለቤቱ ጠርገው ጠርገው የሰለቻቸው ባልዲ በዚህ ሂሳብ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር፤ ሳምፑን ከመግዛት በፊት በወረቀት ጀርባ ሊወጣ የሚችል ሂሳብ ነው።

አየር የሚስበው ፓምፕም ከዚሁ ከ11 ሊትሩ ይመጣል። በሳምፕ ውስጥ ከግድግዳዎቹ በፊት ያለው ውሃ ከፍታ አይለዋወጥም፤ የግድግዳው ቁመት ይወስነዋል። የጎደለ ውሃ ሁሉ የሚታየው በመጨረሻው፣ በፓምፑ ክፍል ነው። 11 ሊትር ሲካፈል ለ0.78፣ 14 ሴ.ሜ ይሆናል። 20 ሴ.ሜ የነበረው ውሃ ወደ 6 ወረደ ማለት ነው፤ በዚህ ከፍታ ፓምፑ ላይ እንደ ማጠቢያ ገንዳ ጉድጓድ የሚሽከረከር አዙሪት ይፈጠራል፣ አየርም አብሮ ይገባል። በሙቀትም ፓምፑ ይጎዳል። ባለቤቱ ፓምፑ የተበላሸ መስሏቸው ሌላ ለመግዛት ተነስተው ነበር። ፓምፑ ደህና ነው፤ የጎደለው ውሃ ነው።

ጉርጉርታው የሌላ ምክንያት ውጤት ነው። መውረጃው አንድ ብቻ፣ የውስጥ ስፋቱ 20 ሚ.ሜ የሆነ ቧንቧ ነበር። ውሃና አየር ተቀላቅለው በጠባብ ቧንቧ ሲወርዱ እየተገፋፉ ይወርዳሉ፤ አየሩ ተጠራቅሞ ሲያመልጥ ውሃው ይቆምና መልሶ ይጣደፋል። ከጩኸቱ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የቧንቧው ብቸኝነት ነው። አንድ ቅጠል ወይም የሞተ ዓሣ ቢዘጋው ውሃው ሌላ መሄጃ የለውም።

አዲሱ ዕቅድ

ከሁሉ ቀድሞ የተስተካከለው የመመለሻው አፍ ነው፤ ከውሃው ወለል በታች 3 ሴ.ሜ ላይ እንዲሆን ከፍ ተደረገ። ከውሃው ወለል 1 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ፣ ቧንቧው ላይ 6 ሚ.ሜ የሆነ ቀዳዳ ተበሳ። ውሃው 1 ሴ.ሜ እንደወረደ ቀዳዳው አየር ይስብና ሲፎኑን ይቆርጠዋል። ቀዳዳው ወደ ገንዳው ውስጥ፣ ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንዲያይ ተደርጓል፤ ወደ ላይ ከሆነ ፓምፑ ሲሠራ ከቀዳዳው የሚወጣው ቀጭን ውሃ ክዳኑንና መብራቱን ይረጫል። 3 ሚ.ሜ ቀዳዳ ማድረግ የተለመደ ነው፣ ነገር ግን አልጌ በአጭር ጊዜ ይደፍነዋል። 6 ሚ.ሜ ቢሆንም በወር አንዴ በጥርስ ብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። አፉ ራሱ 3 ሴ.ሜ ላይ ብቻ እንዲሆን የተፈለገውም ለዚህ ነው፤ ቀዳዳው ቢደፈን እንኳ የሚወርደው ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመውረጃ ሣጥኑ ተቀየረ። የድሮው ሣጥን ውሃ የሚገባበት ፊቱ 20 ሴ.ሜ ሆኖ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ በጥርስ የተከፋፈለ ነው፤ ግማሹ ጥርስ ስለነበር ውሃ የሚያልፍበት 10 ሴ.ሜ ብቻ ነው። በሰዓት 1,500 ሊትር በዚህ ሲያልፍ ውሃው ከጥርሶቹ ሥር ወደ 1.7 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ይቆማል። አዲሱ ሣጥን 40 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 10 ሴ.ሜ ስፋት፣ 20 ሴ.ሜ ጥልቀት አለው፤ ያው ውሃ 1.1 ሴ.ሜ ብቻ ይቆማል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ፓምፑ ሲቆም የሚወርደውን ውሃ ይቀንሳል፤ በላዩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት መሳይ ሽፋንም ስስ ሆኖ የሚፈሰው ውሃ በተሻለ ይጠርገዋል። ሣጥኑ ገንዳው ወለል ድረስ አለመውረዱ ለዓሣው ቦታ ተረፈለት፣ ማጽዳቱንም አቀለለው።

በሣጥኑ ውስጥ፣ በኋላኛው መስታወት በኩል፣ ሁለት ቧንቧ ይወጣል፤ ሁለቱም 32 ሚ.ሜ፣ የውስጥ ስፋታቸው 27 ሚ.ሜ ገደማ የሆነ የግፊት ፒቪሲ። ይህ አሠራር በአኳሪየም ሰዎች ዘንድ ሄርቢ ይባላል። ዋናው መውረጃ አፉ ኤልቦ በሚባለው የታጠፈ መጋጠሚያ ወደ ታች ዞሮ፣ ከጥርሶቹ 14 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ ሁልጊዜ ውሃ ውስጥ ይጠልቃል፤ ሳምፑ ጋ ሲደርስ ጌት ቫልቭ፣ ማለትም እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለው በር ቀስ በቀስ የሚዘጋ ቫልቭ አለው። ውሃ ብቻ እንጂ አየር አይገባበትም፣ ስለዚህ ድምፅ የለውም። ሁለተኛው የአደጋ መውረጃ ነው፤ አፉ ወደ ላይ የዞረ፣ ምንም ቫልቭ የሌለው። ዋናው ቢዘጋ ውሃው ከፍ ይልና በዚህ ይወርዳል፤ ሲወርድም ይጮኻል። ያ ጩኸት ማስጠንቀቂያ ስለሆነ እንዳይሰማ ለማድረግ መሞከር የለበትም።

እንዲህ ያለ 32 ሚ.ሜ ቧንቧ በ80 ሴ.ሜ ቁልቁለት ሙሉ ሲፎን ሆኖ ሲሠራ በሰዓት ከ3,500 ሊትር በላይ ማውረድ ይችላል። 1,500 ብቻ ስለሚፈለግ ጌት ቫልቩ ያፍነዋል። እዚህ ላይ ብዙዎች ቦል ቫልቭ ይገጥማሉ፤ እጀታው ከክፍት እስከ ዝግ ሩብ ዙር ብቻ ስለሚዞር የፀጉር ያህል ማስተካከያ አይሰጥም። ጌት ቫልቭ ብዙ ዙር አለው፣ ልዩነቱ የሚታወቀው ሌሊት ነው።

የሳምፑ ግድግዳዎችም ዝቅ ተደረጉ። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ውሃ ከ26 ወደ 22 ሴ.ሜ፣ የፓምፑ ክፍል ከ20 ወደ 17 ወረደ። ባዶው ቦታ 56 ሊትር ሆነ። አሁን ፓምፑ ሲቆም የሚወርደው ከላይኛው ገንዳ 6፣ ከሣጥኑ 4፣ ከቧንቧዎቹ 1.5 ሊትር፣ በጠቅላላው 11.5 ነው። የሲፎን መቁረጫው ቀዳዳ ቢደፈን 21.5 ይሆናል። ከ56 ጋር ሲተያይ ከእጥፍ በላይ ትርፍ አለው።

የሳምፑ አከፋፈል እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያው 18 ሴ.ሜ ውሃው በማጣሪያ ካልሲ ውስጥ ይወድቃል፤ በሁለተኛው 32 ሴ.ሜ ስፖንጅና በግንባታ ቦታ ሬድ አሽ የሚባለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ፤ ከዚያ አረፋ የሚያስቀሩ ተቀራራቢ ግድግዳዎች፤ መጨረሻ ላይ ፓምፑ። ሬድ አሽ ርካሽና ለባክቴሪያ ምቹ ነው። ውሃው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መታጠብ ግን አለበት፤ አቧራው ወደ ፓምፑ ከገባ የፓምፑን ሞተር ዘንግ ይበላዋል።

ፓምፕና ፍሰት

ፓምፑ ላይ የተጻፈው 3,000 ሊትር በሰዓት፣ 3 ሜትር ከፍታ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ አይገኙም፤ 3,000 የሚሰጠው ውሃውን ወደ ላይ ሳይገፋ፣ 3 ሜትር የሚደርሰው ምንም ሳያፈስ ነው። በዚህ ቤት ከሳምፑ ውሃ እስከ ላይኛው ውሃ ያለው ከፍታ 104 ሴ.ሜ ነው። ድሮ መመለሻው 16 ሚ.ሜ የሆነ ጎማ ነበር። በእሱ ውስጥ 1,500 ሊትር ለማሳለፍ፣ ከአራት ኤልቦ ጋር፣ ከከፍታው ሌላ 1.6 ሜትር የሚያህል ተጨማሪ ተቃውሞ አለ። በ27 ሚ.ሜ ቧንቧ ግን ያ ተቃውሞ 20 ሴ.ሜ እንኳ አይሞላም። ፓምፑ ሳይቀየር፣ ቧንቧው ብቻ ሰፍቶ፣ 20 ሊትር ባልዲ የሚሞላበት ጊዜ ከ75 ሰከንድ ወደ 48 ወረደ፤ ማለትም በሰዓት ከ960 ወደ 1,500 ሊትር። ባልዲና ሰዓት ካለ መለያውን ማመን አያስፈልግም።

ፍሰቱ ለአዲስ አበባ ሌላ ትርጉምም አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በባሕር ዳርቻ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ እዚህ 7 እንኳ አይሞላም። ዓሣው የሚተነፍሰው ከዚህ ነው፤ ማጣሪያው ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም እንዲሁ። በጥርሶቹ ላይ ስስ ሆኖ የሚፈሰውና ካልሲው ውስጥ የሚወድቀው ውሃ ከአየር ጋር የሚነካካበት ዋና ቦታ ስለሆነ፣ በሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ የሚያቀርበውን ዝቅተኛ ፍሰት እዚህ መቅዳት አይመከርም።

ዕቃው

ይህኛው ክፍል ሥራውን ከሁሉ የበለጠ አዘግይቶታል። ከዘመድ በኩል፣ ከአሜሪካ በሻንጣ፣ ለመስታወት የሚሆኑ ሁለት ማያያዣዎች፣ አንድ የፕላስቲክ ጌት ቫልቭና አንድ ፓምፕ መጥተው ነበር። አንዳቸውም አልገጠሙም። የአሜሪካ ባለ 1 ኢንች ፒቪሲ የውጭ ስፋቱ 33.4 ሚ.ሜ ነው፤ መርካቶ የሚሸጠው ደግሞ 32። የ1.4 ሚ.ሜ ክፍተት በማጣበቂያ አይሞላም፤ ለጊዜው የያዘ ቢመስልም ይለቃል። ክራቸውም ይለያያል፤ የአሜሪካው በአንድ ኢንች 11 ተኩል ጥርስ፣ እዚህ የተለመደው 11። ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል፣ የገጠመ ይመስላል፣ ከዚያ ያንጠባጥባል፤ ቴፍሎን ማብዛት አይፈታውም። ፓምፑ ደግሞ ለ120 ቮልትና 60 ኸርዝ የተሠራ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርደዋል፣ ኸርዙን ግን አይቀይረውም፤ በ50 ኸርዝ ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፣ ፍሰቱ ይቀንሳል። ከውጭ ዘመድ የሚያስመጣ ሰው ሙሉውን መስመር፣ ቧንቧውን ጨምሮ፣ ከአንድ አገር ያስመጣ፤ ወይም ሁሉንም ከዚህ ይግዛ። ቀላቅሎ መሥራት አይሆንም።

መፍትሔው ቅርብ ነበር። ለሮቶ መውጫ የሚያገለግለው ታንክ ኮኔክተር ከመስታወት ማያያዣው ጋር በአሠራር አንድ ነው። ልዩነቱ የጎማው ቀለበት ነው፤ ከኮኔክተሩ ጋር የሚመጣው ጠንካራና ስስ ስለሆነ፣ ለስላሳና 3 ሚ.ሜ ውፍረት ባለው ጎማ ተተካ። የሮቶ ፕላስቲክ ሲጠብቅ ይለመጣል፣ መስታወት ግን አይለመጥም፤ ይሰነጠቃል። ቀለበቱ ውሃ ባለበት በኩል ይሁን፤ ፍሬው በእጅ እስኪይዝ ጠብቆ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመር።

የኮኔክተሩ ክር ሲለካ 42 ሚ.ሜ ስለሆነ ቀዳዳው 44 ሆነ። ይህን ቁጥር ከሌላ ቦታ መውሰድ አይገባም፤ ዕቃው በእጅ ተይዞ፣ በካሊፐር ተለክቶ ነው ቀዳጁ የሚገዛው። ቀዳዳው ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል መራቅ አለበት። የአልማዝ ዱቄት የተለበጠበት ክብ ቀዳጅ፣ ቀስ ያለ ትራፓኖ፣ ሳይቋረጥ የሚንጠባጠብ ውሃ፣ ከኋላ በኩል የተለጠፈ ወፍራም ፕላስተር፤ ሥራው ይኼ ነው። ለአንድ ቀዳዳ አሥር ደቂቃ መስጠት ይሻላል። ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ክንድ ሊጫን ይፈልጋል፤ መስታወቱ የሚሰበረው ያኔ ስለሆነ የትራፓኖው የራሱ ክብደት ይበቃል። ቴምፐርድ የሚባለው በሙቀት የጠነከረ መስታወት ከሆነ ግን ጨርሶ አይበሳም፤ በአንድ ጊዜ ወደ ደቃቅ ፍርስራሽ ይለወጣል። የድሮው የመውረጃ ቀዳዳ በኮኔክተርና በክዳን ተዘጋ።

ከጌት ቫልቩ በላይና ከፓምፑ በኋላ ዩኒየን የሚባለው፣ ቧንቧ ሳይቆረጥ በእጅ የሚፈታ መጋጠሚያ ተገጥሟል፤ አንድ ቀን ሁሉም መፈታቱ አይቀርምና። ቧንቧው ከመጣበቁ በፊት በደረቁ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ፣ መጋጠሚያዎቹ ላይ በማርከር መስመር ተሠምሯል፤ ማጣበቂያው ከነካው በኋላ ኤልቦ ለማዞር ያለው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ሲልከኑ ፀረ ሻጋታ ያልተቀላቀለበት፣ የኮምጣጤ ሽታ ያለው ዓይነት ነው። ለሣጥኑ ሳምንት ሙሉ ተጠበቀ።

ስለ ክብደት ባጭሩ፤ ውሃ፣ መስታወት፣ ብረትና ጠጠር ሲደመር 500 ኪሎ ይጠጋል። ፎቅ ላይ ሲሆን ቦታው ኮለን አጠገብ፣ ቢም ላይ መሆን አለበት፤ የስታንዱ እግሮች ሥር ሰፊ ጣውላ ይግባ፤ ጥርጣሬ ካለ መሐንዲስ ይይ። በውሃ ልክ ሳይስተካከል አንድ ጠብታ አይጨመርም፤ ዘመም ያለ ገንዳ ጥርሶቹ ግማሽ ላይ ብቻ ይፈሳል።

መሞላትና መሞከር

ዓሣው በሌላ በርሜል እያለ ገንዳው ተሞልቶ 24 ሰዓት ያለ ፓምፕ ቆየ። ከየመገጣጠሚያው ሥር ደረቅ ሶፍት ተዘረጋ፤ እርጥበትን ዓይን ሳያይ ሶፍት ይናገራል። ከዚያ ፓምፑ ተነሳ።

የጌት ቫልቩ ማስተካከያ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ይጀመራል፤ አየሩ ሲወጣ ይንጎራጎራል፤ ከዚያ በሩብ በሩብ ዙር እየተዘጋ፣ በየመካከሉ ጥቂት ደቂቃ እየተጠበቀ፣ በሣጥኑ ውስጥ ያለው ውሃ ከጥርሶቹ 4 ሴ.ሜ ዝቅ ብሎ እስኪቆም ይሄዳል። የአደጋ መውረጃው ጠርዝ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ውሃ እንዲያልፍ መተው ጥሩ ነው፤ ፍሰቱ በትንሹ ሲለዋወጥ ያቻችለዋል። የዋናው መውረጃ ታችኛው ጫፍ ሳምፑ ውስጥ ከ2 እስከ 3 ሴ.ሜ ብቻ ይጥለቅ። በመጀመሪያ 10 ሴ.ሜ ጠልቆ ነበር፤ መብራት ተመልሶ ሲመጣ ቧንቧው ውስጥ የታሰረው አየር መውጫ አጥቶ ሲፎኑ አልነሳ አለ፣ ውሃውም ሁሉ በአደጋው ቧንቧ ወረደ። ጫፉ በመጋዝ ሲያጥር ችግሩ በዚያው ሰዓት ቆመ።

ከዚያ በኋላ ሆን ብሎ ማበላሸት ነው። ፓምፑ አምስት ጊዜ ተነቅሎ ተሰካ፤ በየጊዜው የሳምፑ ከፍታ በማርከር ተሠመረ፣ መስመሮቹም ተደራረቡ። የሲፎን ቀዳዳው በፕላስተር ተደፍኖ ተነቀለ፤ የወረደው በሂሳቡ ከተባለው ብዙም አልራቀም። ዋናው መውረጃ በእጅ ተደፈነ፤ የአደጋው ሙሉውን ፍሰት ወሰደ። በመጨረሻ ሁለቱም ተደፈኑ። የፓምፑ ክፍል ከ17 ወደ 5 ሴ.ሜ እስኪወርድ 9.3 ሊትር ወደ ላይ ገፋ፣ ላይኛው ገንዳ 1.6 ሴ.ሜ ከፍ አለ፣ ጠርዙ 4 ሴ.ሜ ስለሚርቅ አልፈሰሰም። የፓምፑ ክፍል ጠባብ መሆን ያለበት ለዚህ ነው። ሰፊ ቢሆን ኖሮ ፓምፑ የሚገፋው ብዙ ውሃ ያገኝ ነበር።

የሚተነው ውሃ

በማርከር ሲለካ በቀን 2 ሊትር ያህል ይተናል፤ በፓምፑ ክፍል ከ2 ሴ.ሜ ተኩል በላይ ማለት ነው። አምስት ቀን ከቤት የሚወጣ ሰው ሲመለስ የሚጮኽ ፓምፕ ያገኛል። የመጀመሪያው ሐሳብ ከሮቶው መስመር ስቦ በተንሳፋፊ ቫልቭ ሳምፑን መሙላት ነበር፤ ይህ በጥብቅ ተከልክሏል። ተንሳፋፊው አንድ ሌሊት ተይዞ ሳይዘጋ ቢቀር ሮቶው ሙሉ ወደ ቤት ይገባል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ወይም ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው የቧንቧ ውሃ ደግሞ ክሎሪን ይታከልበታል፤ ሳይቆይ በቀጥታ ዓሣ ላይ አይገባም።

በምትኩ ለአንድ ቀን ክፍቱን የቆየ ውሃ የያዘ ጀሪካን በቀጭን ጎማና በተንሳፋፊ ቫልቭ ተያያዘ። ጀሪካኑ 10 ሊትር ነው እንጂ 20 አይደለም፣ ይህም በሂሳብ የተወሰነ ነው። ሁሉም መውረጃ ተዘግቶ ጀሪካኑም ሙሉ በሙሉ ቢራገፍ፣ 9.3 እና 10 ሊትር ላይኛውን ገንዳ 3.4 ሴ.ሜ ያነሳሉ፤ ከ4 በታች ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን 5.2 ይሆንና ወለል ላይ ይፈሳል።

መብራት

ሶኬቶቹ ሁሉ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ 30 ሚሊ አምፒር ላይ በሚቆርጥ ሳልቫቪታ ሥር ገብተዋል። እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘልቆ ይመለሳል፤ በገመዱ ላይ የሚንሸራተት ጠብታ ከታጠፈበት ይወድቃል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ማከፋፈያው ከሳምፑ ጎን እንጂ ከላዩ አይደለም።

ለረጅም መጥፋት 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር ተገጠመ። የባትሪው ግማሽ ብቻ ጥቅም ላይ እንዲውል ታስቦ፣ 45 ዋት ፓምፑን 11 ሰዓት ያህል ይይዛል። ባትሪ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ላይኛው ገንዳ ውስጥ ቢያስቀምጥ ዓሣውን ያተርፋል። ማጣሪያው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ውሃ ሳይዞር ብዙ ሰዓት ከቆየ ሬድ አሹ መካከል ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ስለዚህ መብራት ከስድስት ሰዓት በላይ ጠፍቶ ሲመጣ ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት የማጣሪያው ክፍል ውሃ በባልዲ ወጥቶ ይደፋል፣ በቆየ ውሃ ይተካል። ሽታው ከተቀየረ ይህ ምርጫ የሌለው ሥራ ነው።

ከተሠራ በኋላ

ወለሉ ደረቅ ነው፤ ድምፁም ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ አይሰማም። ከሁለት ወር በኋላ ግን የአደጋ መውረጃው መጮህ ጀመረ። ጌት ቫልቩ ሲፈታ በሩ ሥር፣ ክፍተቱን ግማሽ ይዛ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ቀንድ አውጣ ተቀምጣ ተገኘች። ከጥርሶቹ መካከል አልፋ፣ በቧንቧው ወርዳ፣ ጠባብ ቦታው ላይ የቆመች። ዩኒየኑ ስለነበረ ማውጣቱ አምስት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ጥርሶቹ ላይ የፕላስቲክ መረብ ተጨመረ፤ መረቡም ቅጠል ስለሚይዝ በየሁለት ቀኑ በእጅ ይጠረጋል። የቫልቩ እጀታና አካሉ ላይ በነጭ ቀለም አንድ መስመር ተሠምሯል፤ ማንም ሲያጸዳ ቢነካው ወደ ቦታው ይመልሰዋል።